ባክቴሪያን በዘሩ ወይስ በመሣሪያው?

ዕፅዋትን የሚያሳምሙ ባክቴሪያዎችን በጂን ለመመደብ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ለመኖር የግድ የሚያስፈልጉ ጂኖችን ያነጻጽራል። ሌላው የማጥቂያ ጂኖችን ስብስብ ያያል፤ ለምሳሌ ኤችአርፒ የሚባለውን። ይህ ስብስብ መርፌ መሰል መዋቅር ይሠራል። ባክቴሪያው በዚያ በኩል ፕሮቲኖቹን ተክሉ ሴል ውስጥ ይወጋል።

ሁለቱ መንገዶች ሁልጊዜ አይስማሙም። በመኖሪያ ጂኖቹ ዛንቶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ ሱዶሞናስ የሚባለው የሩቅ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ጋማ ከሚባለው መደብ ናቸው። ራልስቶኒያ ግን ቤታ ነው። በኤችአርፒ ስናይ ነገሩ ይገለበጣል። ዛንቶሞናስ ከራልስቶኒያ ጋር ይቧደናል፣ ሱዶሞናስ ሲሪንጌ ደግሞ ከኤርዊኒያ ጋር። ምክንያቱ ባክቴሪያዎች ጂን ከወላጅ ብቻ አይወርሱም፤ ከጎረቤትም ይቀበላሉ።

አግሮባክቴሪየም ደግሞ ይብሳል። ዕጢ የሚያስነሣበትን ፕላስሚድ (ከክሮሞዞሙ ተለይቶ ያለ የዲኤንኤ ቀለበት) ከጣለ ተክል ማሳመሙ ይቀራል። በድሮው አሰያየም ስሙም አብሮ ይቀየር ነበር! ያው ባክቴሪያ፣ ሁለት ስም።

ስለዚህ እኔ ስም ለማውጣት የመኖሪያ ጂኖችን እመርጣለሁ። ጥያቄው «ይሄ ተክሉን ምን ያደርገዋል?» ከሆነ ግን መልሱ ያለው ማጥቂያዎቹ ጋ ነው። በተለይ በመርፌው የሚገቡት ፕሮቲኖች ዓይነት ብዙ ይናገራል፤ መርፌው ራሱ በብዙ ዝርያዎች ተመሳሳይ ነውና።