ከባሕር ዳርቻ ወደ ቀዝቃዛ ውኃ፦ የአንድ የስኩባ ዳይቪንግ ጉዞ ግምገማ

በጀልባ ሳይሆን ከባሕር ዳርቻ በእግር ተገብቶ፣ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ የሚደረግ የስኩባ ዳይቪንግ (የታመቀ አየር የያዘ ሲሊንደር በጀርባ ተሸክሞ መጥለቅ) ከሞቃት ባሕሩ ጋር እምብዛም አይመሳሰልም። ስለዚህ ይህን አገልግሎት የምመዝነው ከውኃው በታች ባየሁት ነገር ሳይሆን፣ አዘጋጆቹ ልብስ ከምንለብስበት ሰዓት ጀምሮ ሰውነታችን እስኪሞቅ ድረስ በያዙን አያያዝ ነው። ዝግጅቱና አመራሩ ከጠበቅሁት በላይ ሆኖ ሳለ፣ ከውኃ ከወጣን በኋላ የገጠመን ግን ቅር አሰኝቶኛል።

ውኃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር ይልቅ በ25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ይወስዳል። ውኃ የሚያስገባው ዌትሱት በጥልቀት ላይ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች ስለሚጨመቁ ሙቀት የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ በመሆኑም ለሁላችንም ውኃ የማያስገባው ድራይሱት ከወፍራም የውስጥ ልብስ ጋር መዘጋጀቱ ተገቢ ነበር። መሪያችን የእያንዳንዳችንን አንገትና የእጅ አንጓ በየተራ ፈተሸ። የእኔ ጋ ሲደርስ ጣቱን በአንገቴ ዙሪያ ካለው የላቴክስ ማጥበቂያ ሥር አስገብቶ፣ ከውስጥ ልብሴ ሾልኮ የወጣ አንድ ክር ስቦ አወጣና ማጥበቂያውን መልሶ አስተካከለው፤ በዚያ ክር በኩል የሚገባው ውኃ ብቻውን ደረቴን ለማራስ ይበቃ ነበር። ከዚያም ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ፣ በድራይሱቱ ውስጥ ያለው አየር ወደ እግር ሮጦ ጠላቂው ቁልቁል ሲዘቀዘቅ እንዴት ተገልብጦ እንደሚስተካከልና በክንድ ላይ ባለው ቫልቭ አየሩን እንዴት እንደሚያስወጣ ሁላችንንም አለማመደን። ልምድ ያላቸው ሁለት ሰዎች ይህ ጊዜ ማባከን ነው ብለው ቢያጉረመርሙም፣ እኔ ግን የጉዞው ምርጥ ክፍል ይኸው ነበር እላለሁ።

የሲሊንደሩን አየር ግፊት ቀንሶ ለአፍ ስለሚያደርሰው መተንፈሻ፣ ማለትም ስለ ሬጉሌተሩ፣ የተሰጠን ማብራሪያም እንዲሁ የሚመሰገን ነው። የታመቀ አየር ግፊቱ ድንገት ሲቀንስ በጣም ስለሚቀዘቅዝ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በረዶ ተጋግሮ ቫልቩን ክፍት አድርጎ ሊይዘው ይችላል፤ ያኔ አየሩ ያለማቋረጥ እየተንዶቀዶቀ ሲሊንደሩን በደቂቃዎች ውስጥ ባዶ ያደርገዋል። በዚህ ምክንያት ከመጥለቃችን በፊት በሬጉሌተሩ እንዳንተነፍስና የማስወጫ ቁልፉን እንዳንጫን ተከለከልን፤ የተሰጡን ሲሊንደሮችም እያንዳንዳቸው ለብቻ የሚዘጉ ሁለት መውጫዎችና ሁለት ሬጉሌተሮች ነበሯቸው። ነገሩ በ12 ሜትር ላይ ከቡድናችን በአንዱ ሰው ላይ በእርግጥም ደረሰ። ሰውየው ወደ ሁለተኛው ሬጉሌተር ሲቀይር መሪው ደርሶ ያፈተለከውን መውጫ ዘጋ፤ ወዲያውም አውራ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ የሁላችንም ዳይቭ ማብቃቱን አሳወቀ። በ5 ሜትር ላይ የተለመደውን የ3 ደቂቃ የጥንቃቄ ቆይታ አድርገን ወጣን። ማንንም ሳያስደነግጥ፣ ለክርክርም ቦታ ሳይሰጥ መወሰኑን አደንቃለሁ።

ከዳርቻ መግባት በራሱ ድካም አለው። የድራይሱት አየር ወደ ላይ ስለሚገፋ በወገብ የሚታሰረው እርሳስ ይበዛል፤ ያንንና ሲሊንደሩን ተሸክሞ አልጌ ባለበሰው ድንጋይ ላይ መራመድ ደግሞ ጉልበትን ይፈትናል። አዘጋጆቹ መግቢያውን በጥንቃቄ መርጠዋል፤ ማዕበሉ ቢበረታ የምንወጣበትን ሌላ ቦታም አስቀድመው አሳይተውናል። በእግር የሚጠለቀውን የመዋኛ ፊን ያደረግነው ውኃው ወገባችን ላይ ሲደርስ አንዳችን የሌላችንን ትከሻ ይዘን ነው። የሲሊንደራችን የአየር ግፊት 200 ባር ሆኖ የጀመርን ሰዎች 120 ባር ላይ ሲደርስ እንድንመለስ የተሰጠው ትእዛዝም ለዳርቻ ዳይቪንግ ትክክለኛ ነው፤ ብርድ አተነፋፈስን ያፋጥናል፣ መመለሻውም ረጅም ዋና ሊሆን ይችላል።

በብርድ ወቅት በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፈው ጥቃቅን ሕይወት ስለሚቀንስ እይታው ጥርት ያለ ነበር፤ ሸርጣኖችንና የባሕር ኮከቦችን በባትሪ ብርሃን ከነቀለማቸው አይተናል።

ቅሬታዬ ከዚህ በኋላ ይጀምራል። የተሰጠን ጓንት ውኃ የሚያስገባው ዓይነት ስለነበር፣ ስንወጣ ጣቶቻችን ደንዝዘው ማንጠልጠያ መፍታት እንኳ አቅቶን አንዳችን ለሌላችን በጥርስ እስከ መጎተት ደረስን። ከነፋስ የምንከለልበት ድንኳን አልነበረም፤ ትኩስ መጠጡም ለሁላችን አልዳረሰም። ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሰውነት ሲቀዘቅዝ የደም ዝውውሩ ስለሚቀንስ፣ በዳይቭ ወቅት በሰውነት የተጠራቀመውና በአግባቡ ካልወጣ ጠላቂን የሚያሳምመው ናይትሮጅን በዝግታ ይወጣል፤ ጥልቀትንና ጊዜን እየለካ ይህን የሚያሰላው የጠላቂው ኮምፒውተር ደግሞ የሰውየውን መንቀጥቀጥ አይቶ ስሌቱን አይለውጥም። እንዲህ እየተንቀጠቀጥን ለሁለተኛ ዳይቭ መጋበዛችን ከመጀመሪያው ጥንቃቄያቸው ጋር አይሄድም። እኔ ባለመግባቴ መሪው አልተከራከረኝም፤ ይሁን እንጂ ውሳኔው ለእኔ ከመተው ይልቅ ከእሱ መምጣት ነበረበት።

በድራይሱት ሠልጥኖ የሚያውቅ ሰው ከእነዚህ አዘጋጆች ጋር ቢሄድ አልከለክለውም፤ ጀማሪ ግን አስቀድሞ በገንዳ ውስጥ ቢለማመድ ይሻለዋል። ከመመዝገቡ በፊት ደረቅ ጓንት እንዳላቸው፣ የአንገት ማጥበቂያውም በልኩ መኖሩን ይጠይቅ፤ ጓንቱ ከሌላቸው የራሱን ይዞ ይሂድ።