ፒክአፕ ወይስ ፖት? ደብረ ብርሃን ላይ ጊታር ለሚያድስ

የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ ሲበላሽ ብዙዎቻችን የምንጠረጥረው ፒክአፑን፣ ማለትም የክሮቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ክፍል ነው። እኔ ግን ከፖቱ፣ ማለትም ከቮልዩም ማዞሪያው ሥር ካለው ክፍል ጀምሩ እላለሁ። ቮልዩሙን ስታዞሩት ከተንኮሻኮሸ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ውስጥ የገባ አቧራ ወይም ያለቀ ካርቦን ነው። ፖት ርካሽ ነው፣ እግሩም ሦስት ብቻ። ሽቦዎቹን ከመንቀላችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ።

ፖት ስትገዙ ቁጥሩን እዩ፦ ለሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅልል ፒክአፕ) 250፣ ለሀምበከር (ባለ ሁለት ጥቅልል ፒክአፕ) 500 ኪሎ ኦም የተለመደ ነው። ሀምበከር ላይ 250 ብትገጥሙ ድምፁ ይደበዝዛል።

ከባዱ የፖቱን ጀርባ መበየድ ነው፤ ብረቱ ሙቀት ይመጥጣል። በእኛ ከተማ ብርድ፣ ማታ ማታ ሊዱ (ቀልጦ የሚበይደው ብረት) ደብዝዞና ሻክሮ ሲረጋብኝ አይቻለሁ። እንዲህ ያለው ብየዳ አይታመንም፤ እንደገና አሙቁት። ሲያብረቀርቅ ልብ ያርፋል።

ፒክአፕ መቀየር ሌላ ነገር ነው፤ የጊታሩን ጠባይ ይለውጣል። ሀምበከር በሁለት ጥቅልሎቹ ከኤሌክትሪክ የሚመጣውን የ“እዝዝ” ድምፅ ያጠፋል፤ ትዝታን ነጠላ ነጠላ አድርጎ ለሚጫወት ግን የሲንግል ኮይል ጥራት ይበልጥብኛል። መደበኛ ሀምበከር ደግሞ በሲንግል ኮይል ቀዳዳ አይገባም፤ እንጨት መፈልፈል አለ። ለእሱ ብላችሁ 130 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ ከመውረዳችሁ በፊት ፖቱን ቀይሩት።