ለልጄ ቡድን የስፖርት ጉዳት ባለሙያ የቀረበ ምስጋና እና ለወላጆች ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የማቀርበው ልጄ በምትጫወትበት የኮሌጅ ሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን በአትሌቲክ ትሬነርነት (የተጫዋቾችን ጉዳት በመከላከልና ማገገማቸውን በመከታተል) የሚያገለግሉትን ባለሙያ በአደባባይ ለማመስገን፣ እንዲሁም በዳላስ፣ በጋርላንድና በአካባቢው ለምትኖሩ፣ ልጆቻችሁ ስፖርት ለሚሠሩ ወላጆች እሳቸውን ለመጠቆም ነው። ባለሙያዋ ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈለጉ፣ የእሳቸውንም ሆነ የኮሌጁን ስም ከመጥቀስ ተቆጥቤአለሁ።

ያለፈው የውድድር ዘመን ለቡድኑ እጅግ ከባድ ነበር። ልምምድ ሲጀመር ሙሉ የነበረው ስብስብ በጉልበት፣ በቁርጭምጭሚትና በጣት ጉዳት እየተመናመነ ሄዶ፣ ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በኋላ መለያ ለብሰው ለጨዋታ የሚቀርቡት ሰባት ልጆች ብቻ ሆኑ። ኮሌጁ የሚወዳደርበት የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ሦስተኛ ምድብ (ዲቪዚዮን) የስፖርት ስኮላርሺፕ መስጠትን ስለማይፈቅድ፣ ልጆቹ የሚጫወቱት ለጨዋታው ባላቸው ፍቅር ብቻ ነው፤ በዓመቱ አጋማሽ ላይ ተተኪ ማግኘትም የሚታሰብ አልነበረም። አምስቱ ሜዳ ሲገቡ ወንበር ላይ የሚቀሩት ሁለት ናቸው፤ በአምስት ፋውል የሚወጡ ሲኖሩ ደግሞ የቀሩት አራቱንም የዐሥር ዐሥር ደቂቃ ክፍለ ጊዜያት ያለ እረፍት ለመጨረስ ይገደዱ ነበር።

እንዲህ ያለው ችግር በታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎችም ይደርሳል። እዚሁ ፎርት ወርዝ የሚገኘው የቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቡድን በጥር 2024 እ.ኤ.አ. በጉዳት ብዛት ሁለት ጨዋታዎችን በፎርፌ ለቆ፣ ለግቢው ተማሪዎች ክፍት የሙከራ ልምምድ ከጠራ በኋላ፣ ከመረብ ኳስ ቡድን ጭምር ተጫዋች ወስዶ ውድድሩን ቀጥሏል። የአላባማ ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ቡድንም በኅዳር 2017 እ.ኤ.አ. ከሚኒሶታ ጋር ያደረገውን ጨዋታ በሦስት ተጫዋቾች ብቻ ጨርሶ፣ የተሸነፈው በአምስት ነጥብ ልዩነት ነበር። ደንቡ ቡድን ሰው ሲጎድለው እንዲቀጥል ይፈቅዳል፤ የልጆቹን አካል የሚጠብቅ ሰው ግን ከደንቡ ውጭ መገኘት አለበት።

ባለሙያዋን የማመሰግናቸው በዚህ ምክንያት ነው። ሰው ባነሰ ቁጥር በሙሉ ያልዳነችውን ልጅ ወደ ሜዳ የመመለስ ግፊቱ ይበረታል። ቁርጭምጭሚቷ ወለም ያላት ኳስ አቀባያችን፣ ለማጣሪያው ወሳኝ በነበረ ጨዋታ ዕለት፣ ሕመሙ እንደተዋት ደጋግማ ብትናገርም፣ ባለሙያዋ በአንድ እግሯ አስዘልለውና አቅጣጫ እያስቀየሩ አስሩጠው ካዩ በኋላ እንደማትጫወት ቁርጡን ነገሯት። አሰልጣኙም ውሳኔውን ያለ ክርክር ተቀበሉ፤ ለዚህም ምስጋና ይገባቸዋል። ያን ጨዋታ ተሸነፍን፣ በተመልካች መቀመጫ ላይ የነበርን ወላጆችም አንዳንዶቻችን አጉረመረምን። እኔ ግን ልጄን በእኚህ ሴት እጅ ላይ በሙሉ ልብ መተው እንደምችል የተረዳሁት በዚያ ምሽት ነው። ከዚያ በኋላም ከአሰልጣኙ ጋር ተመካክረው የልምምዱን ሩጫ ቀነሱ፤ ከፊሉን ጊዜ ለቪዲዮ ትንተናና በእርምጃ ለሚደረግ የአሰላለፍ ልምምድ ሰጡ፤ ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊትም ልጆቹ ጉልበታቸውን ወደ ውስጥ ሳያጥፉ መዝለልንና ማረፍን የሚማሩበት ማሟሟቂያ ጀመሩ።

በየካቲት ወር የእኔም ልጅ ተጎዳች። ማንም ሳይነካት፣ ከቀለበቱ የተመለሰ ኳስ (ሪባውንድ) ለመያዝ ዘልላ ስታርፍ ኤሲኤል የሚባለው የጉልበቷ ጅማት ተበጠሰ። ይህ ጉዳት በአብዛኛው ያለ ንክኪ፣ በማረፍና አቅጣጫ በመቀየር ጊዜ የሚደርስ መሆኑን፣ በቅርጫት ኳስ ሴቶች ከወንዶች ይልቅ በእጅጉ የሚጋለጡለት መሆኑንም የሰማሁት ከባለሙያዋ ነው። ቤታችን መጥተው ሁሉንም በዝርዝር አስረዱን፤ የእኛ ኢንሹራንስ ቀድሞ እንደሚከፍል፣ የኮሌጁ ደግሞ ቀሪውን እንደሚመለከት፣ የትኛው ሰነድ በየትኛው ቀን መቅረብ እንዳለበት ሳይቀር ጽፈው ሰጡን።

እናቴ ግን ጉልበቱ በወጌሻ ይታሽ የሚል ጽኑ እምነት ነበራቸው። ባለሙያዋ ይህን በልጄ አስተርጓሚነት እስከ መጨረሻው አዳመጡ፤ አላቃለሉትም። ያበጠና ጅማቱ የተበጠሰ ጉልበት ቢታሽ ምን እንደሚደርስበት በሥዕል አሳይተው፣ በምትኩ እናቴ የልጅቱን ጭን የማጠንከሪያ እንቅስቃሴዎች ጠዋትና ማታ እንዲቆጣጠሩ አደራ ሰጧቸው። እናቴም ያንን አደራ አንድ ቀን አላጓደሉም። በእኔ እምነት ከቀዶ ጥገናው ቀጥሎ ለልጄ ማገገም ትልቁን ድርሻ ያበረከተው ይህ ነው።

ልጄ ቶሎ ለመመለስ ስትጣደፍም የመለሱላት በማስረጃ ነበር። ከዘጠኝ ወር በፊት ወደ ውድድር የሚመለሱ ተጫዋቾች ዳግም የመጎዳት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን፣ ዘጠኝ ወር ቢሞላም የተጎዳው እግር ጥንካሬ ቢያንስ ከጤነኛው ዘጠና በመቶ መድረስ እንዳለበት ነግረዋት፣ ልኬቱን በየጊዜው እየመዘገቡ ለእኛም ያሳዩን ነበር።

ባለሙያዋ ከኮሌጁ ሥራቸው ውጭ፣ በአንድ የማገገሚያ ክሊኒክ ውስጥ በሐኪም መመሪያ ሥር የሁለተኛ ደረጃና የኮሌጅ ተማሪዎችን ይረዳሉ። ልጃችሁ እግር ኳስም ሆነ ሩጫ ወይም ቅርጫት ኳስ የምትሠራ ወይም የሚሠራ ከሆነ፣ ጉዳት እስኪደርስ ሳትጠብቁ ለመከላከያ ልምምዱም ብትወስዷቸው ይጠቀማሉ ብዬ አምናለሁ። ሌላ ባለሙያ የምትመርጡ ወላጆችም፣ በቴክሳስ አትሌቲክ ትሬነር የክልሉ የፈቃድና ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሊኖረው ስለሚገባ፣ ይህንኑ በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። የባለሙያዋን ስምና የክሊኒኩን አድራሻ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሳቸውም በዚህ መንገድ እንድሰጥ ፈቅደውልኛል። ከመሄዳችሁ በፊት ክሊኒኩ ኢንሹራንሳችሁን የሚቀበል መሆኑን በስልክ ጠይቁ፤ የሐኪም ማዘዣ ካላችሁም ይዛችሁ ሂዱ።