አባዬን አስኪዳ ላየችልን ባለሙያ

ይህን ስጽፍ እንባዬ ይመጣል፤ የደስታ ነው።

አባዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ባቱን ሲያመው ኖሯል። ትንሽ ሲራመድ ጭምድድ አድርጎ ይይዘዋል፣ ቆም ሲል ይለቀዋል። ያልሄድንበት የለም። አንዱ ጋ «እድሜ ነው» ተባልን። ሌላው ጋ ማስታገሻ ይዘን ተመለስን። አንዷማ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው «ምን ያህል ይራመዳሉ?» አለችው። «ደህና ነኝ፣ እሄዳለሁ» አላት። ጻፈች፣ አለቀ። እስካሁን ያበግነኛል። አባዬ ወንበር ላይ ሲቀመጥማ ሁሌም ደህና ነው! በዚያ ሁሉ ጊዜ «እስቲ ተነስተው ይራመዱ» ያለው አንድ ሰው የለም።

እሷ አለችው። ፊዚዮቴራፒስት ናት፤ በአካል እንቅስቃሴ የምታክም ባለሙያ።

መጀመሪያ አስተኝታ ክንዱም ቁርጭምጭሚቱም ላይ የደም ግፊት ለካች። የቁርጭምጭሚቱ ለክንዱ ሲካፈል 0.9 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የእግር ደም ስር ጠቧል ማለት ነው አለችን። የአባዬ 0.6 ነበር። ከዚህ በላይ እኔም አልገባኝም። ከዚያ 30 ሜትር ኮሪደር ላይ ለ6 ደቂቃ ወዲያና ወዲህ እንዲራመድ ነገረችው።

ትንሽ እንደሄደ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። ክሩ ግን አልተፈታም። ለካ ከኛ ጋር ሲሄድ ስልኩን የሚያወጣው፣ የተለጠፈ ማስታወቂያ ሁሉ ቆሞ የሚያነበው ለዚህ ኖሯል! ስንቴ «አባዬ ፈጠን በል እንጂ» ብዬዋለሁ መሰላችሁ።

እሷ ወዲያው ገባት። ቀስ ብላ «አባባ፣ ሲያምዎት ዝም ብለው ይቁሙ። እኔ የምፈልገው የት ላይ እንደሚቆሙ ማወቅ ነው። ሲሻልዎት ይቀጥላሉ» አለችው። አባዬ ቀና አለ። ከዚያ በኋላ አልደበቀም። መጀመሪያ የቆመው 90 ሜትር ላይ ነበር። «እሄዳለሁ» ባዩ አባቴ!

ወደ ደም ስር ሐኪም ላከችን፣ መድኃኒት ተጀመረለት። እሷ ጋም በሳምንት 3 ቀን፣ 12 ሳምንት ተመላለሰ። እስኪያመው ይራመዳል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይነሳል። በመጨረሻው ቀን 200 ሜትር ድረስ ሳይቆም ሄደ። እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እጅሽ ይባረክ!

እባካችሁ፣ ሲራመዱ ባታቸውን የሚይዛቸው ወላጆች ካሏችሁ ውሰዷቸው። ተኝተውም የሚያማቸው ከሆነ፣ ወይም እግራቸው ላይ አልድን ያለ ቁስል ካለ ደግሞ ቀን አትቁጠሩ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ስሟን ሳላስፈቅዳት አልጽፍም፤ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ስትሄዱ «የጫማ ክር የሚያስሩት አባት ልጅ ናት የላከችን» በሏት። ታውቀናለች።