ስታንሊ 735፦ ከቀለሙ በፊት የውሃ ታንኩን እዩ

የ1920 (እ.ኤ.አ.) ስታንሊ 735 የእንፋሎት መኪና ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ የውሃ ታንኩን ከፍታችሁ ጣት ስደዱበት። ጥቁር ዘይት ይዞ ከወጣ ቦይለሩን፣ ማለትም ውሃውን አፍልቶ እንፋሎት የሚያደርገውን ጋን፣ ጠርጥሩ።

ለሁለቱ ሲሊንደሮች ማለስለሻ ዘይት እንፋሎቱ ውስጥ ይገባል። በድሮዎቹ ስታንሊዎች ይህ ዘይት ከእንፋሎቱ ጋር ውጭ ይተፋ ስለነበር ችግር አልነበረውም። በ1915 ኮንደንሰር ሲገጠም ግን ያገለገለው እንፋሎት ውሃ ሆኖ ወደ ታንኩ ይመለስ ጀመር፤ ዘይቱም አብሮት። ከዚያ ቦይለር ገብቶ ከ700 በላይ በሆኑት ቀጫጭን ቱቦዎች ላይ ይጋገራል። የተጋገረ ዘይት ሙቀት አያሳልፍም፤ ብረቱ ከልክ በላይ ይግላል፣ ቱቦዎቹ ከታች በሚጋጠሙበት በኩል ላልተው ያፈሳሉ።

ሻጩ «ኮንደንሰሩ እኮ ሩቅ ያስኬዳል» ይላችኋል። አልዋሸም። ያለሱ በኪሎ ሜትር ከ2 ሊትር በላይ ውሃ ይጨርሳል፤ በ1914 ኒው ኢንግላንድ ውስጥ በአፍተግር (የከብት ተላላፊ በሽታ) ምክንያት የፈረስ ማጠጫ ገንዳዎች ሲዘጉ ባለስታንሊዎች መንገድ ላይ ውሃ አጡ። መፍትሔው ግን ሌላ በሽታ ይዞ መጣ።

ሞራ ያልተቀላቀለበት የማዕድን ዘይት ግዙ፤ ከውሃው ቶሎ ተለይቶ ስለሚንሳፈፍ ከላይ መቅዳት ይቻላል። ከጉዞ በኋላ በርነሩን (ቦይለሩን የሚያሞቀውን እሳት) አጥፉና ግፊቱ ወረድ ሲል፣ ገና እንፋሎት እያለው፣ የታችኛውን ቧንቧ ከፍታችሁ ቦይለሩን አስተፉት።

«ይፈነዳል» የሚሉትን ተዉአቸው። የቦይለሩ ገላ በፒያኖ ሽቦ ተደራርቦ የተጠመጠመ ነው፤ ከእሱ በፊት ቱቦዎቹ ያፈሳሉ። ፍሪሲዮን የለ፣ ካምቢዮ የለ፤ ዳገት ላይ የሚሰጠው ጉልበት ዛሬም ያስቀናል። በ1906 የስታንሊ የውድድር መኪና በሰዓት 205 ኪሎ ሜትር ሮጧል!

ታዲያ የኒውተን፣ ማሳቹሴትስ ፋብሪካ ለምን በ1924 ተዘጋ? ካዲላክ በ1912 ሞተሪኖ (ሞተሩን በኤሌክትሪክ የሚያስነሳ) ገጠመ፤ ባለስታንሊው ግን ፓይለቱን፣ ማለትም በርነሩን የሚያቀጣጥለውን ትንሽ እሳት፣ ለኩሶ፣ እንፋሎት እስኪጠራቀም ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠብቃል። ፎርድ ደግሞ መኪናውን በዚህኛው ዋጋ ቅንጣቢ ይሸጥ ነበር። የመኪናው ፈጣሪዎች፣ መንትዮቹ የስታንሊ ወንድማማቾች፣ ፋብሪካውን በ1917 ለቀቁ፤ አንደኛው በዓመቱ በመኪና አደጋ ሞተ።

ለኔ ከ1915 በፊት የተሠራው ይበልጣል፤ ውሃ ለመቅዳት ደጋግሞ መቆም ቦይለር ከመቀየር ይረክሳል። የኔን 735 ግን እንኳን ገዛሁት። ሻጩ ቦይለሩን በቀዝቃዛ ውሃ ግፊት አስፈትሾ ካላሳያችሁ የአዲስ ቦይለር ሂሳብ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።