ዘጠኝ ወር ከአሮጌዋ ኤክስፒ ጋር፦ ጣጣው ሁሉ ከፍላሽ ነው

የድሮው የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ፣ ኤክስፒ፣ የተጫነባትን ይቺን ዴስክቶፕ ባለፈው መስከረም እዚሁ ባሕር ዳር ስገዛት ሻጩ ያለኝ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። «ወንድሜ፣ ኤክስፒ እኮ እንደ ጋቢ ነው። ሲቆይ ይለሰልሳል እንጂ አያረጅም።» ሳቅኩ፣ ከፈልኩ፣ በባጃጅ ጭኜ በዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ አካባቢ ወዳለችው ሱቄ ወሰድኳት። ሥራዬ ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ጥረዛ፣ ዲቪዲ መገልበጥ ነው።

በዚህ ዘመን ኤክስፒ ምን ያደርግልሃል የሚለኝ አይጠፋም። ምክንያት አለኝ። ሌዘር ፕሪንተሬ የድሮ ነው፤ ከኤክስፒ ውጭ አልሠራም ብሎ አስቸግሮኛል። ዴስክቶፗ ደግሞ ዲቪዲ ራይተር አላት። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 2014 እንዳቆመ አውቃለሁ። ስለዚህ ኢንተርኔት አላስነካኋትም። ትጽፋለች፣ ታትማለች፣ አትንጫጫም። በዚህ በኩል ወቀሳ የለኝም። ነገሩ ፍላሽ ላይ ነው።

ጥር ላይ ነው። ጥር ሲሆን ከተማችንን ታውቋታላችሁ፤ ጣና ዳር ያለ ዛፍ ሁሉ ሥር ሙሽራ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። አንድ ልጅ የእህቱን የሰርግ ቪዲዮ ይዞ መጣ። ሃያ ዲቪዲ ይፈልጋል፣ ለመልሱ ቀን። ምሽቱን አዘጋጀሁት። ኮምፒውተሯ ሌሊቱን ሙሉ ስትፈጭ አድራ ጠዋት 4.3 ጊጋ የሆነ አንድ ፋይል ሰጠችኝ። ሃያውን በአንድ ራይተር ማቃጠል ቀኑን ይፈጃል። ጎረቤቴ ሦስት ራይተር አለው። ፋይሉን በፍላሽ ይዤለት ልሂድ አልኩ።

ፍላሼ 16 ጊጋ ነው፤ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ግን «በቂ ቦታ የለም» አለችኝ። ደግሜ ሞከርኩ፣ ያው። ለካ ፋት32 በሚባለው የድሮ የፋይል አደራደር ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ይህንን በግልጽ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ቦታ የለም ብላ የፍላሹን ስም ታጠፋለች።

ጎረቤቴ «ኤንቲኤፍኤስ አድርገው» አለኝ በስልክ፤ ትልልቅ ፋይል የሚቀበለው ሌላው የፎርማት ዓይነት ነው። ፎርማት የሚለውን ብከፍት ኤንቲኤፍኤስ የሚባል ምርጫ የለም። ኤክስፒ ፍላሽን በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት የምታደርገው መጀመሪያ የመሣሪያዎቹ ዝርዝር ያለበት ዲቫይስ ማኔጀር ገብታችሁ፣ ፍላሹን ፈልጋችሁ፣ ፖሊሲስ በሚለው ገጽ «ቶሎ ለመንቀል» የሚለውን ትታችሁ «ለፍጥነት» የሚለውን ስትመርጡ ብቻ ነው። መረጥኩ። ምርጫው ብቅ አለ። ደስ አለኝ። ከሥሩ በትንሹ የተጻፈውን ግን ማን ያነባል?

ከዚያ ፋይሉን ከት አደረግኩት። ኮፒ አላልኩም፣ ከት፤ ማለትም ካለበት አንስቶ ማዛወር። የኮምፒውተሯ ዲስክ 80 ጊጋ ነው፣ ሞልቶ አፉ ላይ ደርሷል፤ ቦታ ላስለቅቅ ብዬ ነው። አረንጓዴዋ መስመር ሞላች፣ መስኮቱ ጠፋ። ልጁ በር ላይ ቆሟል፣ ባጃጁ ጥሩንባውን ይነፋል። ነቀልኩት።

ጎረቤቴ ዘንድ ስንደርስ የፋይሉ ስም አለ። ሲከፈት «ፋይሉ ተበላሽቷል፣ ሊነበብ አይችልም»። ሮጬ ወደ ሱቄ ተመለስኩ። እዚያም የለም። ከት ያደረጉት ነገር ሪሳይክል ቢን ውስጥ እንኳ አይገኝም። ልጁ ምንም አላለኝም። ስልኩን አውጥቶ እናቱ ጋ ደወለና «እማዬ፣ ለነገ አይደርስም» አላት። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ለፍጥነት» የሚለው ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። ኮምፒውተሯ የሰጣችኋትን ሁሉ ወዲያው ፍላሹ ላይ አትጽፈውም። ከፊሉን ሜሞሪ ላይ ትይዝና «ጨርሻለሁ» ትላለች፤ የቀረውን ከጀርባ ቀስ እያለች ትጽፋለች። ወደ ዘጌ በጀልባ ሄዳችሁ ታውቁ የለ? የከፈለ ሁሉ ጀልባው ላይ አይደለም። አንዱ ሻይ እየጠጣ ነው፣ አንዷ ለዶሮዋ ቅርጫት ቦታ ትፈልጋለች። ሒሳቡ ሞልቷል ብሎ ሞተር ያስነሳ ሰው ግማሹን መንገደኛ ዳር ላይ ጥሎ ይሄዳል። እኔ ያስነሳሁት እንዲህ ነው።

ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ቼክዲስክ የሚባለውን የዲስክ ስህተት አራሚ አስነሳሁ። ፍላሹ ዳነ፤ ቪዲዮው አልዳነም። ዋናው ቅጂ በልጁ ሃርድ ዲስክ ላይ ስለነበር እንደገና አንድ ሌሊት ተፈጨ። ዲቪዲው መልሱ ካለፈ በኋላ ደረሰ። ዋጋውን በግማሽ ተቀበልኩ፤ እሱም እያፈርኩ።

ከዚያ ወዲህ ከታች በስተቀኝ፣ ሰዓቱ አጠገብ ያለችው አረንጓዴ ቀስት የያዘች ምልክት የሱቁ አዛዥ ሆናለች። እሷን ሳይጫኑ ፍላሽ አይወጣም። «አሁን መንቀል ይቻላል» የሚለው ፊኛ ብቅ እስኪል እጅ ወደ ኋላ። ግን እሷም ጠባይ አላት። በቀን ሁለት ሦስቴ «መሣሪያው አሁን ሊቆም አይችልም፣ ቆይተህ ሞክር» ትላለች። ቆይቼ ስንት? ማንን እየጠበቅን እንደሆነ አትናገርም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የኛ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፦ ወርድ ላይ የተከፈተ የተማሪ ጽሑፍ፣ ያልተዘጋ የፎልደር መስኮት፣ ወይም ፍላሹን የሚፈትሽ አንቲቫይረስ። ሁሉን ዘግታችሁም እምቢ ካለች ኮምፒውተሩን ማጥፋት ነው። ወረፋ ላይ ስድስት ተማሪ ቆሞ ኮምፒውተር አጥፍቶ ማስነሳት ምን እንደሚመስል አስቡት። አንዳንዴ ደግሞ መብራት ይሄድና ራሱ ያጠፋልናል። ይሄ ግን ከመንቀል አይሻልም፤ ያልተጻፈው አብሮ ነው የሚሄደው። መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየውን ባትሪ፣ ዩፒኤስ፣ የገዛሁትም በዚሁ ንዴት ነው።

ሲሰካም ነገር አላት፣ እሱን ባጭሩ ልለፈው። አንዳንድ ፍላሽ «ገብቷል» የሚል ድምፅ ያሰማና ማይ ኮምፒውተር ላይ አይታይም። ኤክስፒ ለየዲስኩ መለያ ፊደል ትሰጣለች፤ ከሌላው ኮምፒውተር ያጋራሁት ፎልደር ኤፍ የሚለውን ፊደል ይዞት ነበር፤ ይህን ሳታይ ለፍላሹም ያንኑ ኤፍ ትሰጠዋለች። መፍትሔው ዲስክ ማኔጅመንት የሚባለው የዲስኮች ማስተካከያ ገብቶ ሌላ ፊደል መስጠት ነው። ለተማሪ ፍላሽ ደግሞ ስሰካ ሺፍትን ተጭኜ እይዛለሁ፣ ቫይረሱ በራሱ እንዳይነሳ። የፔዳ ፍላሽ ያላየው ቫይረስ የለም።

አሁን ሻጩ ፊቴ ቆሞ «አዲስ ዊንዶውስ ብትገዛ ይሄ ሁሉ የለም» ሲለኝ ይታየኛል። እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ወዲህ ማይክሮሶፍት ራሱ «ቶሎ ለመንቀል» የሚለውን ማንም ሳይነካው የሚገኝ መነሻ ምርጫ አድርጎታል። ግን ወዳጄ፣ መጀመሪያ የሸጥክልኝ አንተ ነህ! «ጋቢ» ያልከኝ አንተ ነህ! ደግሞም የፍላሹ መብራት እየበረቀ ከነቀልከው አዲሱም አያድንህም።

እና ልሽጣት? ጥር ላይ ብትጠይቁኝ ጣና ውስጥ እጥላት ነበር። ዛሬ ሰኔ ነው፣ ፕሪንተሩ ይሠራል፣ ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ ይዞ ተሰልፏል፣ እሷም አልተንገዳገደችም። አልሸጣትም። የደንበኛ ፍላሽ ሁሉ «ቶሎ ለመንቀል» በሚለው ነው የሚሠራው። ለትልልቅ ፋይል የያዝኩት የኤንቲኤፍኤሱ ፍላሽ ላይ ግን ቀይ ክር አስሬበታለሁ። ረዳቴ ቀይ ክር ካየች እጇን ትሰበስባለች። ከት የሚባል ነገርም ቀርቷል። ኮፒ፣ ከፍቶ ማየት፣ ከዚያ መሰረዝ።

ባለፈው ሳምንት ሻጩ ራሱ መጣ። ሁለት ገጽ ሊያሳትም ነው። አተምኩለት። እጁን ዘርግቶ ፍላሹን ሊነቅል ሲል ያዝኩት። ምልክቷን ተጫንኩ። «አሁን ሊቆም አይችልም» አለች።

«ንቀለው ባክህ፣ ምንም አይሆንም» አለኝ።

ወንበር ሳብኩለት። ሻይም አዘዝኩለት።