ሎንደን ፕራይድን በቤት መጥመቅ፦ በብቅል ሽሮፕ ወይስ በእህሉ?

የፉለርስ ሎንደን ፕራይድ ምዕራብ ለንደን፣ ቺዝዊክ ውስጥ የሚጠመቅ መራራ ቢራ ነው፤ የበርሜሉ 4.1፣ የጠርሙሱ 4.7 በመቶ አልኮል አለው። የጠርሙሱን ቤቱ ሊደግመው የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚወስነው፣ የብቅል ሽሮፕ (ከተዘፈዘፈ ብቅል ወጥቶ የተወፈረ ጣፋጭ ፈሳሽ) ልግዛ ወይስ ብቅሉን ራሴ ልዘፍዝፍ የሚለውን ነው።

ሽሮፑ ጊዜ ይቆጥባል። ለ20 ሊትር 3 ኪሎ ከሩብ ያህሉን በሙቅ ውሃ አሟሙቶ ከሆፕ ጋር (በእኛ ጠላ የጌሾን ቦታ የሚይዘው አበባ ነው) አንድ ሰዓት ማፍላት ነው። ነገር ግን ሲቆይ ይጠቁራል፤ ቢራው ምን ያህል እንደሚወፍርም ሽሮፑን የሠራው ፋብሪካ አስቀድሞ ወስኖታል።

በእህሉ ከሆነ ውሳኔው የራሴ ነው። 4 ኪሎ ማሪስ ኦተር የተባለው የገብስ ብቅልና 300 ግራም ክሪስታል ብቅል (ቀለምና የካራሜል ጣፋጭነት የሚሰጠው) ተከክቶ በ67 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሰዓት ይዘፈዘፋል። ሙቀቱ ወደ 64 ከወረደ ቢራው ይቀጥናል፤ 69 ከደረሰ ይወፍራል። ክዳኑን ስከፍት ፊቴን የሚመታኝ የትኩስ ዳቦና የማር ሽታ ከሽሮፕ ጣሳ አይገኝም። ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ትልቅ ድስትና ማጥለያ ይጠይቃል። ቢሆንም እኔ ይህን እመርጣለሁ፤ የፕራይድ ልቡ ብቅሉ ነውና።

ሆፑ በሁለቱም ያው ነው፦ ታርጌት፣ ቻሌንጀርና ኖርዝዳውን። እርሾ ላይ ግን አትሰስቱ። የፕራይድ የብርቱካን ማርማላታ ጣዕም በብዛት የሚመጣው በ19 ዲግሪ አካባቢ ከሚሠራ የለንደን ኤል (ፕራይድ የሚመደብበት የቢራ ዓይነት) እርሾ ነው። በጥሩ እርሾ የተጠመቀ ሽሮፕ፣ በደካማ እርሾ ከተጠመቀ እህል ይበልጣል።